ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፦ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥና የበረራ መምህር

በኢትዮጵያ የአቪዬሽን ታሪክ ውስጥ ስማቸው በክብር ከሚነሣ የውጭ አገር ተወላጆች መካከል ኮሎኔል ጆን ቻርለስ ሮቢንሰን አንዱ ናቸው። ትውልዳቸው አሜሪካዊ ሲሆን፣ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ በተቃረበበት በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የአገሪቱን ጨቅላ አየር ኃይል በአዛዥነት መርተዋል። ከነፃነት በኋላም ተመልሰው ወጣት ኢትዮጵያውያንን የበረራና የጥገና ሙያ አስተምረዋል። ሕይወታቸው ያለፈውም በአዲስ አበባ ነው። በአሜሪካ ጋዜጦች ዘንድ ቡናማው ኮንዶር በሚል ቅጽል ይታወቁ ነበር። ኮንዶር በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ ከፍ ብሎ የሚበር ግዙፍ የአሞራ ዝርያ ነው።

ሮቢንሰን በአብዛኛው የሚታወሱት በጦርነቱ ወቅት በፈጸሙት ጀብዱ ነው። ይሁን እንጂ የሕይወታቸውን ጉዞ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ለሚከታተል ሰው ጎልቶ የሚታየው ሌላ ነገር ነው። በደረሱበት ስፍራ ሁሉ የሚያውቁትን ለሌላ ሰው ለማስተማር ይተጉ ነበር። የተዘጋባቸውን በር ካስከፈቱ በኋላም በሩ ከኋላቸው ለሚመጡት ክፍት ሆኖ እንዲቀጥል ይጥሩ ነበር።

የልጅነት ዘመንና ትምህርት

ጆን ሮቢንሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በፍሎሪዳ ግዛት ካራቤል በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸውን በሕፃንነታቸው በማጣታቸው ያደጉት ከእናታቸውና ከእንጀራ አባታቸው ጋር በሚሲሲፒ ግዛት በጋልፍፖርት ከተማ ነው። የእንጀራ አባታቸው የባቡር ሐዲድ ድርጅት ሠራተኛ ነበሩ። ሮቢንሰን ገና ልጅ ሳሉ በጋልፍፖርት የባሕር ዳርቻ አንድ አውሮፕላን ሲበር ተመለከቱ፤ የመብረር ምኞታቸውም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከልባቸው አልወጣም።

በዚያ ዘመን በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ጥቁሮችና ነጮች በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ለአንድ ጥቁር ወጣት የአውሮፕላን አብራሪነት የማይታሰብ ሙያ ነበር። ሮቢንሰን በአላባማ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ተስኪጊ ኢንስቲትዩት ገብተው የአውቶሞቢል መካኒክነት ተማሩ። ተቋሙ በቡከር ቲ. ዋሽንግተን መሪነት እ.ኤ.አ. በ1881 የተመሠረተና ለጥቁር ወጣቶች የእጅ ሙያ በማስተማር የታወቀ ነበር። የተማሩት የሞተር ሙያ በኋላ የአቪዬሽን ዓለምን በር የሚከፍት ቁልፍ ሆነላቸው።

በቺካጎ የተዘጋው በር

ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ ሮቢንሰን ወደ ሰሜን ተጉዘው በመጀመሪያ በዲትሮይት፣ ከዚያም በቺካጎ በመኪና ጥገና ሥራ ተሰማሩ። በቺካጎ የራሳቸውን ጋራዥ ከፍተው ኑሯቸውን ካደላደሉ በኋላ በከተማዋ ወደሚገኘው የከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ለመግባት በተደጋጋሚ አመለከቱ። ትምህርት ቤቱ ግን በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት አልተቀበላቸውም።

ሮቢንሰን ተስፋ አልቆረጡም። በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ክፍሉን እየጠረጉ መምህሩ የሚሰጠውን ትምህርት ያዳምጡ፣ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የቀረውንም ይገለብጡ ነበር። ከሥራ ባልደረባቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋርም የበረራ ፍላጎት ያላቸውን ጥቁር ወጣቶች አሰባስበው የጥናት ቡድን መሠረቱ። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ሁለቱን ወጣቶች ተቀብሎ አስተማራቸው። ከትምህርት ቤቱ ለመመረቅ የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮችም ሆኑ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ሌሎች ጥቁር ተማሪዎችን መቀበል ጀመረ፤ ሮቢንሰንና ኮፊም አስተማሪዎቻቸው ሆኑ።

የጥናት ቡድኑ በሂደት ወደ ቻሌንጀር የአብራሪዎች ማኅበር አደገ። በአካባቢው የነበሩ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ጥቁሮችን ስለማያስተናግዱ የማኅበሩ አባላት ከቺካጎ በስተደቡብ በምትገኘው የጥቁሮች መንደር በሮቢንስ መሬት መንጥረውና ድንጋይ ለቅመው የራሳቸውን ማኮብኮቢያ ሠሩ። ከአባላቱ አንዷ የነበሩት ነርስ ጃኔት ሃርመን ከራሳቸው ገንዘብ አውጥተው ለማኅበሩ አውሮፕላን ገዙ። የአውሮፕላን መጠለያው በማዕበል በፈረሰ ጊዜም ማኅበሩ ሥራውን ወደ ሌላ ማረፊያ አዛውሮ ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በ1934 ሮቢንሰንና ጓደኞቻቸው በአውሮፕላን ወደ ተስኪጊ ተጓዙ። ዓላማቸው ሮቢንሰን የተማሩበት ተቋም የበረራ ትምህርት ቤት እንዲከፍት ማሳመን ነበር። ከአውሮፕላኖቻቸው አንዱ በመንገድ ላይ ተከሰከሰ፤ ተቋሙም በዚያን ጊዜ ሐሳቡን በተግባር ለማዋል አቅም አልነበረውም። የተዘራው ዘር ግን በከንቱ አልቀረም። ተስኪጊ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የበረራ ሥልጠና ጀምሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወደ 1,000 የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን የጦር አብራሪዎች የሠለጠኑበት ስፍራ ለመሆን በቃ።

የኢትዮጵያ ጥሪ

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የተነሣው ግጭት የኢጣልያን የወረራ ዝግጅት ለዓለም ግልጽ አደረገ። ኢትዮጵያን የነፃነት ተምሳሌት አድርገው ይመለከቱ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን በታላቅ ስሜት ተንቀሳቀሱ። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ገንዘብ ተዋጣ፤ ለመዝመትም ብዙዎች ተመዘገቡ። ነገር ግን የአሜሪካ ሕግ ዜጎች በሌላ አገር ጦር ውስጥ እንዲሰለፉ ስለማይፈቅድ የብዙዎቹ ምኞት ሳይፈጸም ቀረ።

በዚህ ጊዜ ሮቢንሰን በቺካጎ በተደረገ ስብሰባ ላይ ኢትዮጵያን ለማገልገል ያላቸውን ፍላጎት ገለጹ። የጥቁሮች የዜና አገልግሎት መሥራች የነበሩት ክሎድ ባርኔት ጉዳዩን በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ይከታተሉ ለነበሩት ለመላኩ በያን አሳወቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ የነበሩት መላኩ የሮቢንሰንን ችሎታ አጣርተው ጥሪው እንዲደርሳቸው አደረጉ። ሮቢንሰንም ጋራዣቸውንና የማስተማር ሥራቸውን ትተው በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

ሲደርሱ ያገኙት አቀባበል ሙሉ በሙሉ የተመቸ አልነበረም። ከእርሳቸው በፊት የመጣውና ራሱን ጥቁሩ ንስር ብሎ የሚጠራው የትሪኒዳድ ተወላጅ ሂዩበርት ጁሊያን፣ በ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ዋዜማ ልዩ ግምት ይሰጠው የነበረውን የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን በልምምድ ላይ ከስክሶ ነበር። ስለዚህ ከአሜሪካ በሚመጡ አብራሪዎች ላይ የነበረው እምነት ተሸርሽሯል። ጁሊያን በ1927 ዓ.ም. እንደገና መጥቶ ስለነበር በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ቅራኔ በነሐሴ ወር በአንድ ሆቴል ውስጥ ወደ ድብድብ አመራ። ከዚህ በኋላ ጁሊያን ከአየር ኃይሉ ሥራ እንዲርቅ ተደረገ። ሮቢንሰን በአንጻሩ የበረራና የጥገና ችሎታቸውን በተግባር አስመስክረው ስለነበር ንጉሠ ነገሥቱ በኮሎኔልነት ማዕረግ የአየር ኃይሉ አዛዥ አድርገው ሾሟቸው።

መሣሪያ ያልታጠቀው አየር ኃይል

በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፈረንሳውያን አሠልጣኞች እገዛ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ተገኙ። ከእነዚህም መካከል አስፋው አሊ እንዲሁም ከሩሲያዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱት ሚሽካ ባቢቼፍ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ።

ሮቢንሰን የተረከቡት ክፍል ከሁለት ደርዘን የማይበልጡ አውሮፕላኖች የነበሩት ሲሆን፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ለበረራ ብቁ አልነበሩም። ዓይነታቸውም የተለያየ ነበር። ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ፣ ጀርመን ሠራሽ ዩንከርስ፣ እንዲሁም ፎከር አውሮፕላኖች በአንድ መስክ ላይ ተሰልፈው ይታዩ ነበር። ይህም ለጥገና ባለሙያ ከባድ ፈተና ነው፤ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንምና። የአቃቂ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ቀጭኑ አየር የሞተሮቹን ጉልበት ይቀንስ፣ ለመነሣት የሚያስፈልገውንም ርቀት ያራዝም ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አውሮፕላኖቹ ለውጊያ የሚሆን መሣሪያ አልነበራቸውም። ኢጣልያ በአንጻሩ በኤርትራና በሶማሊያ ግንባሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘመናዊ ቦምብ ጣዮችና ተዋጊ አውሮፕላኖችን አሰልፋ ነበር።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ አየር ኃይሉ የጠላትን አየር ኃይል ሊገጥም አይችልም። ሮቢንሰን ይህን በሚገባ ተገንዝበው ያላቸውን ጥቂት አቅም ሊሠራ በሚችለው ነገር ላይ አዋሉት። በዚያን ጊዜ ስልክና ሬዲዮ በጣም ውስን ነበሩ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜኑ ግንባር የሚላክ መልእክት በእግረኛ ወይም በበቅሎ ብዙ ቀናት ይወስዳል፤ በአውሮፕላን ግን በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ የአየር ኃይሉ ዋና ተግባር መልእክት ማድረስ፣ የጠላትን እንቅስቃሴ መቃኘት፣ መድኃኒትና ባለሥልጣናትን ማመላለስ ሆነ። ጎን ለጎንም ሮቢንሰን ወጣት ኢትዮጵያውያንን በበረራና በሞተር ጥገና ያሠለጥኑ ነበር።

በጦርነቱ ወራት

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወረራውን ሲጀምር፣ አውሮፕላኖቹ ዓድዋን በቦምብ ደበደቡ። ከ40 ዓመት ገደማ በፊት ኢጣልያ ድል የሆነችበት ስፍራ በመሆኑ ዓድዋ በወራሪው ዘንድ የቂም መወጫ ተደርጋ ትታይ ነበር። ሮቢንሰን በዚያን ዕለት መልእክት አድርሰው በከተማዋ ነበሩ። ከተማዋ ስትደበደብና ሰላማዊ ነዋሪዎች ሲያልቁ በዓይናቸው አዩ። በቦታው የተመለከቱትም በአሜሪካ ለሚታተሙ የጥቁሮች ጋዜጦች ደርሶ ብዙ አንባቢያን ስለ ወረራው ጭካኔ እንዲያውቁ አደረገ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ሮቢንሰን በአዲስ አበባ፣ በደሴና በሰሜኑ ግንባር መካከል በተደጋጋሚ በረሩ። ፍጥነት በሌለውና መሣሪያ ባልታጠቀ አውሮፕላን የሚበር ሰው ከጠላት ተዋጊዎች የሚያመልጠው በተራሮች መካከል በመሹለክ፣ በሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብሎ በመብረርና በደመና በመሸሸግ ብቻ ነው። የአገሪቱን መልክዓ ምድር ማወቅ ሕይወትን ከሞት የሚለይ ዕውቀት ነበር። እንዲያም ሆኖ ከጠላት አውሮፕላኖች ጥቃት ሁልጊዜ አላመለጡም፤ በአገልግሎት ላይ ሳሉ ቆስለዋል።

ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ኢጣልያ በዓለም አቀፍ ውል የተከለከለውን የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን በስፋት መጠቀም ጀመረች። በጀግንነት የሚዋጋው ሠራዊት መከላከያ በሌለው መሣሪያ ተጠቃ። ሮቢንሰንም የጋዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተደረገው ጦርነት በኋላ የመደበኛው ጦር መከላከል ሲያከትም፣ የአየር ኃይሉም አውሮፕላኖች አንድ በአንድ ወድመው የሚበር አልቀረም ለማለት ይቻላል። ሮቢንሰን የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብለው ከኢትዮጵያ ወጡ።

በአሜሪካ የተደረገላቸው አቀባበልና የማስተማር ሥራቸው

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1936 ሮቢንሰን ኒው ዮርክ፣ ቀጥሎም ቺካጎ ሲደርሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወጥተው ተቀበሏቸው። ጥቁር ሰው አውሮፕላን ማብረር አይችልም ይባል በነበረበት አገር የአንድን ነፃ መንግሥት አየር ኃይል በጦርነት የመራ አብራሪ ማየት ለብዙዎች ኩራት ነበር። ሮቢንሰን በየከተማው እየተዘዋወሩ ስለ ኢትዮጵያ ሁኔታ ንግግር አደረጉ፤ ለተጎዱትም እርዳታ እንዲሰባሰብ አስተባበሩ።

ያገኙትን ዝና ግን ለግል ክብር ብቻ አላዋሉትም። በዚያው ዓመት በቺካጎ በስማቸው የሚጠራ የአቪዬሽንና የአውቶሞቢል ሙያ ኮሌጅ ከፈቱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅትም በአሜሪካ ጦር ካምፖች ውስጥ የአውሮፕላን ጥገና አስተማሪ ሆነው አገለገሉ።

ዳግም ወደ ኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነፃነቷን ስትመልስ ከቀድሞው አየር ኃይል የቀረ አውሮፕላንም ሆነ ትምህርት ቤት አልነበረም። ከሠለጠኑት ጥቂት ባለሙያዎችም ከፊሉ በጦርነቱና በወረራው ዘመን አልቀዋል። ሁሉም ነገር እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1944 ሮቢንሰን ከሌሎች ጥቁር አሜሪካውያን የአቪዬሽን ባለሙያዎች ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በአዲስ አበባ ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ የበረራ ትምህርት ቤት አቋቁመውም ወጣት ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠን ጀመሩ።

ሥልጠናው የማብረርን ጥበብ ብቻ የሚያስተምር አልነበረም። ሞተር መፍታትና መግጠም፣ የጉዳትን መንስኤ መለየት፣ የመሣሪያዎችን ንባብ መረዳት የሥልጠናው አካል ነበር። ሮቢንሰን ከመካኒክነት የተነሡ አብራሪ በመሆናቸው አውሮፕላኑን የማይጠግን አገር በውጭ ባለሙያ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚኖር በጦርነቱ ወራት ከደረሰባቸው ያውቁ ነበር።

ከአየር ኃይሉ መለየት

በ1938 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት አዲሱን አየር ኃይል የማደራጀቱን ኃላፊነት ለስዊድን ባለሙያዎች ሰጠ። መሪያቸውም በወረራው ጊዜ በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞችን ያመላለሱት ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበሩ። በእርሳቸው መሪነት በቢሾፍቱ የተደራጀው አየር ኃይል የስዊድን አውሮፕላኖችን ታጥቆ በፍጥነት አደገ።

ኢትዮጵያን በክፉ ቀን ያገለገሉ ሁለት የበረራ ሰዎች በአንድ ሥራ ላይ መስማማት ግን አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1947 በመካከላቸው የተነሣው ጠብ ወደ መማታት ደረሰ። ሮቢንሰንም ለእስር ተዳርገው ከአየር ኃይሉ አገልግሎት ተለዩ። በ1927 ዓ.ም. ከጁሊያን ጋር እንደሆነው ሁሉ ቁጡነታቸው በዚህ ጊዜም ራሱን ገለጠ፤ የዚህኛው ዋጋ ግን ከብዙ ዓመታት ልፋት በኋላ ቦታቸውን ማጣት ነበር።

ብዙዎች ሮቢንሰን ከዚህ በኋላ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ ብለው ሊያስቡ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በኢትዮጵያ ቀሩ። ማዕረግና ሥልጣን ባይኖራቸውም ኑሯቸውን በአዲስ አበባ አድርገው መብረራቸውንና ሙያቸውን ማካፈላቸውን ቀጠሉ።

የመጨረሻው በረራ

በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ሮቢንሰን በአነስተኛ አውሮፕላን ለአንድ ሕመምተኛ ሕክምና በአስቸኳይ የሚያስፈልግ ደም ለማድረስ ከአንድ ኢጣልያዊ መሐንዲስ ጋር ተነሡ። ሆኖም አውሮፕላኑ ተከስክሶ በእሳት ተያያዘ። መሐንዲሱ ሕይወቱ ሲያልፍ ሮቢንሰን በጽኑ ተቃጥለው ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ለሁለት ሳምንት ያህል በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላም መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በአዲስ አበባ ተፈጸመ።

በጦርነቱ ጊዜ ሲሠሩት የነበረው ሥራ መልእክትና መድኃኒት ማድረስ ነበር። ሕይወታቸው ያለፈውም በዚሁ ዓይነት አገልግሎት ላይ ሳሉ ነው። ከ18 ዓመታት በፊት ኢጣልያ ባዘመተቻቸው አውሮፕላኖች ሲታደኑ የነበሩት ሰው በመጨረሻው በረራቸው ከአንድ ኢጣልያዊ ጋር ተቀምጠው የሰው ሕይወት ለማትረፍ መጓዛቸው ዘመኑ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያሳይ ነው።

ትተውት ያለፉት ውርስ

የኮሎኔል ሮቢንሰን ውርስ በሁለት አገሮች ይታያል። በአሜሪካ የጥቁር ሕዝብ የአቪዬሽን ትምህርት እንዲስፋፋና ተስኪጊ የበረራ ማዕከል እንዲሆን መንገድ ከጠረጉት ሰዎች በግንባር ቀደምነት ይቆጠራሉ። በኢትዮጵያ ደግሞ አየር ኃይሉ እጅግ በተፈተነበት ወቅት መርተውታል፤ ከነፃነት በኋላም ሥልጠናው ዳግም እንዲጀመር አድርገዋል።

ያዘዟቸው አውሮፕላኖች በጦርነቱ ወድመዋል፤ ያቋቋሟቸው ትምህርት ቤቶችም በስማቸው ጸንተው አልቆዩም። ዕውቀታቸው ግን በተማሪዎቻቸው አማካይነት ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ከመማሪያ ክፍል ጥግ ላይ ቆመው ትምህርት ያዳመጡት ወጣት፣ በሕይወታቸው ፍጻሜ በሁለት ክፍለ ዓለማት አብራሪዎችንና መካኒኮችን ያፈሩ መምህር ሆነዋል። ኢትዮጵያም በጭንቋ ሰዓት የደረሱላትን ይህን ባለውለታ በአፈሯ አሳርፋ ስማቸውን በክብር ታስታውሳለች።